ቤዝመንት ስታሠሩ ፐርሚቱን ከማመልከቻ እስከ ፋይናል የማድረስ ዝርዝር መመሪያ (ለሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ነዋሪዎች)

ቤዝመንት አሠርተው፣ ቀለም አስቀብተው፣ ምንጣፍ አስነጥፈው ከጨረሱ በኋላ «ግድግዳውን ክፈቱት» የሚባሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) የሚባል ነገር ጨርሶ አላወጡም። ሌሎቹ አውጥተዋል፣ ከፍለዋል፣ ወረቀቱንም መስኮት ላይ ለጥፈዋል፤ ግን ኢንስፔክተር ሳይጠራ ሠራተኛው ግድግዳውን ዘጋው። መጨረሻቸው አንድ ነው። ቤቱ ሊሸጥ ሲል ወይም ጎረቤት ሲጠቁም ጉዳዩ ይወጣል፣ የተሠራው ይፈርሳል፣ ገንዘቡ ሁለቴ ይከፈላል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ። ፐርሚት ሥራ ሲጀመር ተገዝቶ የሚቀመጥ ወረቀት አይደለም። የመጨረሻው ኢንስፔክሽን (ፋይናሉ) አልፎ መዝገቡ ላይ ተዘጋ እስኪባል ድረስ ክፍት ጉዳይ ነው።

ምሳሌዬ ብዙ ሀበሻ የሚያሠራው ነው፦ ቤዝመንት ውስጥ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሻወር ቤት። ኩሽና ብትቀይሩም ዴክ ብታሠሩም አካሄዱ ብዙ አይለይም።

## ደረጃ 1፦ ቤታችሁ በማን ሥር እንደሆነ አረጋግጡ

ፐርሚት የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት አይደለም። ስቴቱ የግንባታ ኮዱን ያጸድቃል፣ የሚያስፈጽመው ካውንቲው ወይም ከተማው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ምክንያቱም የፖስታ አድራሻ አያስተማምንም።

አድራሻችሁ «አሌክሳንድሪያ» ስለሚል ብቻ ወደ አሌክሳንድሪያ ከተማ አትሂዱ። አሌክሳንድሪያ የሚል አድራሻ ያላቸው ብዙ ቤቶች ያሉት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ከተማ አስተዳደር የለውም፤ ጉዳዩ የሚያልቀው በሞንጎመሪ ካውንቲ የፐርሚት መሥሪያ ቤት ነው። በዚያው ካውንቲ ውስጥ ያሉት ሮክቪልና ጌተርስበርግ ግን ፐርሚት የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው። በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ መሥሪያ ቤቱ ዲፒአይኢ ይባላል። በዲሲ ደግሞ ዲፓርትመንት ኦፍ ቢልዲንግስ ነው። የድሮው ዲሲአርኤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2022 ለሁለት ስለተከፈለ «ዲሲአርኤ ሂድ» የሚላችሁ ሰው የቆየ መረጃ ይዟል ማለት ነው።

ቀላሉ ማረጋገጫ የንብረት ግብር ቢላችሁ ነው። በቨርጂኒያ ግብሩን ወደሚቀበለው አካል በቅድሚያ ደውሉ። በሜሪላንድ ቢሉ ላይ የከተማ ግብር የሚል መስመር ካለ መጀመሪያ ከተማውን ጠይቁ።

ስትደውሉ እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። በዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም መሥሪያ ቤቶቹ አዘውትረው ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲም በአማርኛ አገልግሎት ይሰጣል። አስተርጉሙልን ብላችሁ ልጃችሁን ከማስቸገር «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ብላችሁ ጠብቁ። የኮድ ቃል በግምት ሲተረጎም ስህተቱ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚቀረው።

## ደረጃ 2፦ ሥራው ፐርሚት ይፈልግ እንደሆነ ለዩ

አብዛኛው አካባቢ የሚጠቀመው በየሦስት ዓመቱ የሚታደሰውን የመኖሪያ ቤት ሞዴል ኮድ፣ አይአርሲን፣ ለራሱ እያሻሻለ ነው። በሞዴሉ መሠረት እነዚህ ፐርሚት አይፈልጉም፦

- ቀለም፣ ምንጣፍ፣ ታይል፣ የኩሽና ካቢኔትና ካውንተርቶፕ መቀየር
- ከ7 ጫማ የማይበልጥ አጥር
- ከቤቱ የተለየ፣ አንድ ፎቅ የሆነና ከ200 ካሬ ጫማ የማይበልጥ የዕቃ ቤት
- የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መጠገን፣ የተዘጋ መስመር መክፈት

ቁጥሮቹን ግን አካባቢው ይለዋውጣቸዋል፤ ቨርጂኒያ ለምሳሌ የዕቃ ቤቱን ስፋት ከፍ አድርጋለች። የራሳችሁን መሥሪያ ቤት ሳትጠይቁ በዚህ ዝርዝር ብቻ ሥራ አትጀምሩ።

ግድግዳ መጨመር ወይም ማፍረስ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር መሳብ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር ማዛወር፣ አዲስ መስኮት ወይም በር መቅደድ፣ ዕቃ ማከማቻ የነበረውን ቤዝመንት መኖሪያ ማድረግ ፐርሚት ይፈልጋሉ። በእኛ ምሳሌ ሁሉም አሉበት።

ማስጠንቀቂያ። ከፐርሚት ነፃ ማለት ከሁሉ ነፃ ማለት አይደለም። ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካለባችሁ የሱ ፈቃድ ለብቻው ነው። ቤቱ በታሪካዊ ሠፈር ውስጥ ከሆነ መስኮት መቀየርም ሌላ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል።

ልታከራዩ ካሰባችሁ ሥዕሉ ከመሳሉ በፊት ተናገሩ። ምድጃና የራሱ መግቢያ ሲጨመርበት ጉዳዩ ከእድሳት ወጥቶ ሁለተኛ መኖሪያ ይሆናል። ያኔ የዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም) ሕግ ይገባል፤ ሞንጎመሪ ካውንቲን የመሰለ አካባቢ የኪራይ ላይሰንስም ይጠይቃል። «መጀመሪያ ለቤተሰብ ብዬ ላውጣና ምድጃውን በኋላ አስገባለሁ» የሚለው ምክር በየቡናው ይነገራል። አትስሙት። ተከራዩ ቅር ባለው ቀን መጀመሪያ የሚደውለው 311፣ የመንግሥት አቤቱታ መቀበያ ስልክ፣ ነው።

## ደረጃ 3፦ ሥዕል ከመሳሉ በፊት ለኩ

ሜትር ያዙና ውረዱ። ቤዝመንቱ መኝታ ቤት መሆን ይችል እንደሆነ አሁኑኑ ማወቅ አለባችሁ።

ቁመት። በአይአርሲ የመኖሪያ ክፍል ቁመት ቢያንስ 7 ጫማ ነው። ቢምና የአየር ዳክት በሚያልፍበት ቦታ እስከ 6 ጫማ ከ4 ኢንች መውረድ ይፈቀዳል። የምትለኩት ግን የተጠናቀቀውን ነው። ወለሉ ላይ የሚነጠፈውና ጣሪያው ላይ የሚመታው ግማሽ ኢንች ድራይዎል (የጂፕሰም ሰሌዳ) ቁመቱን ይበሉታል። ኮንክሪቱ ላይ ቆማችሁ ልክ 7 ጫማ ካገኛችሁ በዚህ መለኪያ ተሸንፋችኋል።

የመውጫ መስኮት። ማንኛውም መኝታ ቤት እሳት ሲነሳ ሰው የሚወጣበት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ከነትጥቁ የሚገባበት መስኮት ወይም በር ያስፈልገዋል። ሕይወት የሚያድነው ይሄ ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። መለኪያዎቹ አራት ናቸው፦

- ሲከፈት የሚገኘው ክፍተት 5.7 ካሬ ጫማ (መስኮቱ ከደጁ መሬት እኩል ከሆነ 5 ይበቃል)
- የክፍተቱ ቁመት ቢያንስ 24 ኢንች
- የክፍተቱ ስፋት ቢያንስ 20 ኢንች
- የክፍተቱ ታች ከወለሉ ከ44 ኢንች ያልበለጠ

ወጥመዱ ምን መሰላችሁ? ሰው «20 በ24» የሚለውን ብቻ ያይና ይገዛል። 20 በ24 ሲባዛ 480 ካሬ ኢንች፣ ማለትም 3.3 ካሬ ጫማ ነው። ከሚፈለገው በጣም ያንሳል። 5.7 ካሬ ጫማ 821 ካሬ ኢንች ገደማ ስለሆነ ቁመቱ 24 ኢንች ከሆነ ስፋቱ ከ34 ኢንች በላይ መሆን አለበት፤ ስፋቱ 20 ከሆነ ደግሞ ቁመቱ ከ41 ኢንች ትንሽ በላይ መሆን አለበት። በተጨማሪም የሚለካው መስታወቱ ወይም ክፈፉ ሳይሆን ሲከፈት የሚገኘው ባዶ ቦታ ነው። ወደ ጎን የሚንሸራተት መስኮት ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው። እንደ በር በማጠፊያ የሚከፈት ዓይነት ለቤዝመንት የተሻለ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በአምራቹ ዝርዝር ላይ የተጻፈውን የክፍተት መጠን እዩ።

መስኮቱ ከመሬት በታች ከሆነ ውጭ የሚቆፈረው ጉድጓድ ቢያንስ 9 ካሬ ጫማ ይሁን፤ ርዝመቱም ወርዱም ከ36 ኢንች አይነስ። ጥልቀቱ ከ44 ኢንች ካለፈ ቋሚ መሰላል ይገባለታል። የውሃ መውረጃውንም አስቡበት፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጉድጓዱ ሞልቶ ውሃው ወደ መኝታ ቤቱ ይገባል።

የኤሌክትሪክ ሳጥኑ። ፊት ለፊቱ 36 ኢንች ጥልቀትና 30 ኢንች ስፋት ያለው ነፃ ቦታ ይተው። ሳጥኑ ሻወር ቤት ውስጥ እንዲሆን አይፈቀድም። ቁም ሳጥን ልትሠሩበት ካሰባችሁም ተዉት።

የቤቱ ዕድሜ። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ የድሮው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። በሚከፈለው ሠራተኛ የሚሠራ ሥራ ቀለሙን የሚነካ ከሆነ ሠሪው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የሚጠይቀው የእርሳስ ሥልጠና ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ይህን ሳታዩ መዶሻ አታስነሱ።

## ደረጃ 4፦ ሠሪውን ምረጡ፣ ፐርሚቱ በማን ስም እንደሚወጣ ወስኑ

በሜሪላንድ የቤት እድሳት የሚሠራ ሰው የኤምኤችአይሲ (የሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮሚሽን) ላይሰንስ ሊኖረው ግድ ነው። በቨርጂኒያ ላይሰንሱን የሚሰጠው የስቴቱ የሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት፣ ዲፒኦአር፣ ነው። ቁጥሩን ጠይቁና ራሳችሁ በስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት፤ ስሙ ውሉ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ መሆኑን እዩ። የዘመድ ልጅ ቢሆንም፣ አብራችሁ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የምትሄዱ ቢሆንም እዩ። ላይሰንስ ያለው ሰው ሥራውን ቢያበላሽ በሜሪላንድ ካሳ የሚጠየቅበት የዋስትና ፈንድ አለ። ላይሰንስ የሌለው ሲሆን በፈንዱ መጠየቅ አትችሉም።

በሜሪላንድ ኮንትራክተሩ ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ ቅድሚያ መቀበል አይፈቀድለትም። «ግማሹን ስጠኝና ዕቃ ልግዛ» ካለ ሕጉን አስታውሱት።

ውሉ ላይ እነዚህን አስገቡ፦

1. ፐርሚቱን የሚያወጣውና ኢንስፔክሽን የሚጠራው ኮንትራክተሩ መሆኑን።
2. ኢንስፔክሽን ሲወድቅ ማስተካከያውም የድጋሚ ኢንስፔክሽን ክፍያውም የሱ መሆኑን።
3. የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ፋይናል ካለፈ በኋላ መሆኑን።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ገንዘቡን ጨርሶ የወሰደ ሠራተኛ ለፋይናል ስልክ አያነሳም።

ማስጠንቀቂያ። ኮንትራክተሩ «ፐርሚቱን በራስህ ስም አውጣው፣ ይረክሳል» ካለ ቆም በሉ። የቤት ባለቤት በሚኖርበት ቤት በስሙ ማውጣት የሚችልበት መንገድ በብዙ ቦታ አለ፤ ግን ያ በገዛ እጁ ለሚሠራ ሰው ነው። በስማችሁ ስታወጡ ለኮዱ ተጠያቂው እናንተ ትሆናላችሁ። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚለው ላይሰንስ የሌለው ነው።

## ደረጃ 5፦ ማመልከቻውን አስገቡ፣ ክፍያውን ተረዱ

ለቤዝመንት ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የወለል ሥዕል ነው። በልክ ይሳል። እነዚህ ይታዩበት፦ የእያንዳንዱ ክፍል ስምና ልክ፣ የጣሪያው ቁመት፣ የመስኮቶቹ መጠን፣ አዲሱና የነበረው ግድግዳ ተለይቶ፣ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዎቹ ቦታ፣ የፈርነሱ (የቤት ማሞቂያው) እና የውሃ ማሞቂያው ቦታ። ፎቅ የተሸከመ ግድግዳ ወይም ምሰሶ የምታነሱ ከሆነ፣ ወይም ለመስኮት የመሠረት ግድግዳ የምትቀድዱ ከሆነ፣ የመሐንዲስ ሥዕል ከነማኅተሙ ሊጠየቅ ይችላል።

መኝታ ቤቱን «ኦፊስ» ብላችሁ አትጻፉ። የመስኮቱን ጣጣ ለመሸሽ የሚደረግ ነው። ቁም ሳጥንና በር ያለው ክፍል ሲያይ ኢንስፔክተሩ ያውቀዋል፤ ባያውቀው እንኳ እዚያ የሚተኛው ልጃችሁ ወይም እንግዳችሁ ነው።

ፐርሚቱ አንድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። የግንባታው አንድ ነው፣ የኤሌክትሪኩ ሌላ፣ የቧንቧው ሌላ፣ የማሞቂያውና የአየር መስመሩ ሌላ። በሞንጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ደግሞ የቧንቧና የጋዝ ፐርሚት በአብዛኛው የሚወጣው ከካውንቲው ሳይሆን ከውሃ ድርጅቱ፣ ከደብሊውኤስኤስሲ ዋተር ነው። የካውንቲውን ይዛችሁ ሻወር ብታሠሩ የሻወሩ ሥራ ፐርሚት የለውም።

ክፍያው እንዴት ይሰላል? አንዳንዱ መሥሪያ ቤት በካሬ ጫማ፣ ሌላው በሥራው ዋጋ ያሰላል። በዚያ ላይ የማመልከቻ ክፍያ፣ ለእያንዳንዱ ሙያ ለየብቻው የሚከፈለው፣ የቴክኖሎጂ ወይም የስቴት ተጨማሪ ይመጣል። ቨርጂኒያ ለምሳሌ በፐርሚቱ ክፍያ ላይ 2 በመቶ ትጨምራለች። የክፍያ ሠንጠረዡ በየመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አለ። ከማመልከታችሁ በፊት አውጡና የአራቱንም ፐርሚት ደምሩ። ኮንትራክተሩ ለፐርሚት ብሎ የጠየቃችሁን ከዚያ ጋር አስተያዩ፣ ደረሰኙንም ጠይቁ።

የሥራውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ አያዋጣም። የምታተርፉት ጥቂት ነው፤ ውሸቱ ግን ፊርማችሁ ያለበት ወረቀት ላይ ይቀመጣል። ከእድሳቱ በኋላ የንብረት ግብር ግምቱ ከፍ ሊል እንደሚችልም አውቃችሁ ግቡ።

ማመልከቻው ሲመለስ አትደናገጡ። የሚመጣው ዝርዝር አስተያየት ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር በቁጥሩ መልሱ፣ የተለወጠውን ቦታ ሥዕሉ ላይ ክበቡበት፣ አንድ ላይ መልሱ። አንዱን አርሞ ሌላውን ዘሎ መላክ ወረፋውን እንደገና ያስጀምራል።

## ደረጃ 6፦ ሥራ ጀምሩ፣ ግን በጊዜው

ፐርሚቱ እጃችሁ ሳይገባ ማፍረስ አትጀምሩ። ከገባ በኋላ ደግሞ አታስቀምጡት። በሞዴሉ ኮድ በ180 ቀን ውስጥ ሥራ ካልተጀመረ፣ ወይም ተጀምሮ ለ180 ቀን ከተቋረጠ ፐርሚቱ ይወድቃል። የእናንተ አካባቢ ጊዜ ከዚህ ሊለይ ስለሚችል ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን አንብቡ። ገንዘብ አጥሯችሁ ሥራው ከቆመ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ማራዘሚያ ጠይቁ። ካለፈ በኋላ መለመን ሌላ ክፍያ ነው።

ለመስኮቱ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት 811 ደውሉ። ነፃ ነው። በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ የጋዝ፣ የመብራትና የውሃ መስመሩን መሬት ላይ በቀለም ያሳዩዋችኋል። ምልክቱ ሳይጠናቀቅ አካፋ አይነሳ። የጋዝ መስመር የተመታ እንደሆነ ራቁና 911 ደውሉ።

## ደረጃ 7፦ ኢንስፔክሽኖቹን በቅደም ተከተል አሳልፉ

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ ኢንስፔክተር ያላየውን አትሸፍኑ።

1. ከወለል በታች ያለ ቧንቧ። ለሻወሩና ለሽንት ቤቱ ኮንክሪቱ ይሰበራል፣ የፍሳሽ መስመር ይቀበራል። ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ፣ መስመሩም ለሙከራ ውሃ ወይም አየር ተሞልቶ ይጠብቅ። ኮንክሪት የሚሞላው ካለፈ በኋላ ብቻ ነው።

2. ራፍ-ኢን (ከመሸፈኑ በፊት ያለው የመስመሮች ሥራ)። የኤሌክትሪክ፣ የቧንቧና የአየር መስመሮች ግድግዳው ክፍት እያለ ይታያሉ። ኤሌክትሪኩ ላይ ተደጋግሞ የሚጥለው ሁለት ነው። አንደኛው ሶኬት ማነስ ነው፤ በግድግዳው ላይ ከየትኛውም ነጥብ እስከ ቅርቡ ሶኬት ከ6 ጫማ መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው የሽቦ መከላከያ ነው፤ ቀዳዳው ከእንጨቱ ጠርዝ ከ1¼ ኢንች ከቀረበ ምስማር እንዳይወጋው የብረት ሳህን ይመታበታል።

3. ፍሬሚንግ (የግድግዳው የእንጨት አፅም)። ከራፍ-ኢን በኋላ የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንጨቱን የሚበሱት ቧንቧና ኤሌክትሪክ ሠሪዎቹ ስለሆኑ ነው። ሸክም በተሸከመ ቋሚ እንጨት ላይ ቀዳዳው ከስፋቱ 40 በመቶ፣ ጠርዙን ቆርጦ መግባት ደግሞ 25 በመቶ ማለፍ አይችልም። ኮንክሪት የሚነካው የታችኛው እንጨት እርጥበት እንዳያበሰብሰው የታከመ ዓይነት ይሁን። ከግድግዳው ጀርባ እሳት ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወጣበት ክፍተትም ይደፈን። ይህ የመጨረሻው በጣም ይረሳል።

4. ኢንሱሌሽን (ግድግዳ ውስጥ የሚገባው የሙቀትና የብርድ መከላከያ)። ቶሎ ያልፋል። ግን አለ፤ ብዙ ሰው ፍሬሚንግ ሲያልፍ ሁሉም ያለቀ መስሎት ድራይዎል ይመታል።

5. ድራይዎል፣ ቀለም፣ ታይል። ከደረጃው በታች ያለው ቦታ ለዕቃ የሚከፈት ከሆነ ከውስጡ ግማሽ ኢንች ድራይዎል ይለበስ።

6. የየሙያው ፋይናል፣ ከዚያ የግንባታው ፋይናል። የጭስ ማስጠንቀቂያ በየመኝታ ቤቱ፣ ከመኝታ ቤቶቹ ውጭና በየፎቁ ይኑር፤ አንዱ ሲጮኽ ሁሉም ይጩኹ። ጋዝ የሚያነድ ዕቃ ወይም ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጋራዥ ካለ የካርቦን ሞኖክሳይድም ያስፈልጋል። የላይኛው ፎቅ ማስጠንቀቂያ ጎድሎ ፋይናል የወደቀ ብዙ ነው፤ ሥራው ቤዝመንት ውስጥ ቢሆንም ፐርሚቱ የጭስ ማስጠንቀቂያውን በመላው ቤት ያስጠይቃል። የሻወሩ አየር ማስወጫም አየሩን ወደ ጣሪያው ውስጥ ሳይሆን ወደ ደጅ ያውጣ።

በየቀጠሮው ቀን ሥዕሉ ከነማኅተሙ ቤት ውስጥ ይገኝ፣ ቦታው ይጠረግ፣ መብራት ይኑር፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆነ ሰው በር ይክፈት። ከእያንዳንዱ ደረጃ በፊት ክፍቱን ግድግዳ ከሁሉም ማዕዘን በስልካችሁ አንሱ፤ ሜትር ዘርግታችሁበት። በኋላ ለጥገናም ለክርክርም ይጠቅማል።

### ኢንስፔክሽን ሲወድቅ

መውደቅ የተለመደ ነው። የሚያበላሸው ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው።

- የተጻፈውን ማስታወሻ ተቀበሉ። ምክንያቱ ካልገባችሁ የኮዱን ክፍል ቁጥር በትሕትና ጠይቁ።
- ሁሉንም አርሙ፣ ከዚያ ኢንስፔክተሩን እንደገና ጥሩ። ግማሹን አርሞ መጥራት የድጋሚ ክፍያ ያስከፍላል።
- ኢንስፔክተሩ ተሳስቷል ብላችሁ ካመናችሁ እዚያው አትሟገቱ። የተፈቀደውን ሥዕል ይዛችሁ አለቃውን አነጋግሩ። ካልሆነ ይግባኝ አለ፤ ቀነ ገደቡን ጠይቁ።
- ገንዘብ በእጅ አትስጡ። ማንም «ለኢንስፔክተሩ» ብሎ ቢጠይቃችሁ አትስጡ። ክፍያ ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ በኩል፣ በደረሰኝ ነው።

ሠራተኛው ኢንስፔክተር ሳይመጣ ድራይዎሉን ከዘጋው ወዲያውኑ መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ። ቀለም ሳይቀባ መክፈት ይሻላል። አንዳንዴ ፎቶውን አይተው ጥቂት ቦታ ብቻ እንዲከፈት ይፈቅዳሉ፤ ውሳኔው ግን የነሱ ነው።

## የሥራ ማቆሚያ ወረቀት ከተለጠፈ

በራችሁ ላይ «ስቶፕ ወርክ» የሚል ወረቀት ካያችሁ፦

1. ሥራውን በዚያው ሰዓት አቁሙ። «ይችን ታይል ብቻ እንጨርስ» የለም። ከትእዛዙ በኋላ የተሠራው ለብቻው ያስቀጣል።
2. ወረቀቱን አትቅደዱ። ፎቶ አንሱት። የጉዳይ ቁጥሩንና ቀነ ገደቡን ጻፉ።
3. በማግሥቱ ደውሉና ምን እንደጎደለ ጠይቁ፦ ፐርሚቱ ነው፣ ከሥዕሉ የወጣ ሥራ ነው፣ ወይስ ያልተጠራ ኢንስፔክሽን?
4. ፐርሚት ሳይኖር ተጀምሮ ከሆነ ማመልከቻውን ቶሎ አስገቡ። ብዙ አካባቢ ያለ ፐርሚት ለተጀመረ ሥራ ክፍያውን እጥፍ ያደርጋል።
5. የተጻፈ መፈቀጃ ሳታገኙ አትመለሱ።

ኢንስፔክተር ሳታስቡት በር ቢያንኳኳ መብታችሁን እወቁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 በካማራ ጉዳይ እንደወሰነው ባለቤቱ ካልፈቀደ የኮድ ኢንስፔክተር ወደ መኖሪያ ቤት ለመግባት የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልገዋል። መታወቂያ ጠይቁ፣ በጨዋነት ቀጠሮ ያዙ። ማዘዣ ማውጣት ግን ይችላል። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ መክተት ደግሞ ቅጣቱን ይቆልለዋል፤ ደብዳቤ አትናቁ።

## ቀድሞ ያለ ፐርሚት የተሠራ ቤዝመንት

ቤቱን ስትገዙ ተሠርቶ ያገኛችሁት ቢሆንም ኃላፊነቱ የአሁኑ ባለቤት ነው። «የቀድሞው ሰውዬ ነው የሠራው» የሚለው አያስጥልም።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. በአድራሻችሁ የፐርሚት ታሪኩን በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ፈልጉ። ፐርሚት ኖሮ ሳይዘጋ የቀረ ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ የጎደለውን ፋይናል ጠይቁ።
2. ጨርሶ ከሌለ በመስኮቱ ጀምሩ። መኝታ ቤት ተብሎ መውጫ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ሰው እየተኛ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ቦታ ይተኛ። ወረቀቱ ይቆይ፣ ሰው ግን አይቆይ።
3. ላይሰንስ ያለው ኤሌክትሪክ ሠሪና ቧንቧ ሠሪ አምጥታችሁ አሁን ያለውን አሳዩ። በግድግዳ የተቀበረ መገናኛ፣ ያለ ሳጥን የተጣመረ ሽቦ የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው።
4. ያለውን እንዳለ የሚያሳይ ሥዕል አሠርታችሁ አመልክቱ። ለማመልከት በራሱ የመጣን ሰው ተጠቁሞበት ከተያዘ ሰው ጋር አንድ አድርገው አያዩትም፤ የሚከፈተው ግድግዳ ምን ያህል እንደሆነ ከሥራው በፊት መነጋገር ይቻላል።

ቤት ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ከፊርማው በፊት አድርጉት። ማስታወቂያው አምስት መኝታ ቤት ብሎ የካውንቲው መዝገብ ሦስት ካለ፣ ሁለቱ የት እንደተጨመሩና ፋይናላቸው የት እንዳለ ሻጩን በወኪላችሁ በኩል በጽሑፍ ጠይቁ። ክፍት ፐርሚት ካለም ሻጩ ከክሎዚንግ (ሽያጩ ከሚጠናቀቅበት ቀን) በፊት እንዲዘጋው ውሉ ውስጥ አስገቡ።